ጋሼ ከሜዳው ዳር ሲጮኹ

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ነው። ጠያቂው የ28 ዓመት ወጣት ነው፤ ሜሪላንድ ውስጥ ከ10 ዓመት በታች ያሉ ልጆችን በነጻ ያሰለጥናል። ከ12ቱ ልጆች ስምንቱ የሐበሻ ልጆች ናቸው። «ልምምድ ላይ አሪፍ ናቸው። ቅዳሜ ወላጅ ሲመጣ ግን ኳስ መንካት ይፈራሉ። በተለይ አንድ አባት አሉ። ድሮ አዲስ አበባ ክለብ ገብተው ተጫውተዋል። ጨዋታውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚመሩት እሳቸው ናቸው። ዳኛዋንም ይጮኹባታል፤ እሷ ደግሞ የ14 ዓመት ልጅ ናት። በዕድሜ አባቴ ይሆናሉ። ምን ብዬ ልናገራቸው?» ይላል።

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሳነብ ፈገግ አልኩ። እኚህን ሰውዬ አውቃቸዋለሁ። ያንተን ጋሼ ማለቴ አይደለም፤ የእኔን ነው። በያዝኩት ቡድን ሁሉ እንደሳቸው ያለ አንድ ሰው አልጠፋም። አንድ ዓመት ደግሞ እኔው ራሴ ነበርኩ፤ እሱን በኋላ እነግርሃለሁ።

መጀመሪያ «እንዴት ዝም ላሰኛቸው» የሚለውን ሐሳብ ተወው። ሜዳ ዳር የሚጮህ ወላጅ ክፉ ሰው አይደለም። ልጁን ይወዳል፤ ኳስም ይወዳል። ቆሞ ሲያይ ግን እጁ ሥራ ፈቷል። የቀረው አፉ ነው። ስለዚህ ሥራ ስጣቸው። ከዚያ በፊት ግን ልጆቹ የሚጫወቱት ኳስ እሳቸው ከሚያውቁት የተለየ መሆኑን ይወቁ።

እኔ ማሰልጠን የጀመርኩት አዲስ አበባ፣ የሰፈር ፕሮጀክት፣ ማለትም የታዳጊዎች ቡድን፣ ይዤ ነው። እዚያ ወላጅ ጮኸብኝ ብዬ አላውቅም። ጨዋ ስለነበሩ እንዳይመስልህ፤ ስለማይመጡ ነው። ብዙ ቤት ኳስ የትምህርት ጠላት ነበረች። ልጁ ታኬታውን ጎረቤት ያስቀምጣል። አባት ሜዳው ላይ ከታየ ልጁን እየጎተተ ሊወስድ ነው። እዚህ አሜሪካ ስመጣ ወላጆች ታጣፊ ወንበር ተሸክመው፣ ቡና በፔርሙስ ይዘው፣ ታናናሾቹን ጭምር አስከትለው ሲመጡ ሳይ ልቤ ተነካ። ደስታዬ እስከ መጀመሪያው ኮርነር ቆየ።

እንግዲህ ወደ ሕጉ እንምጣ። ጋሼ የሚያውቁት የ11 ሰው ኳስ ነው። ልጆችህ የሚጫወቱት 7 ለ7 ነው። የአሜሪካ እግር ኳስ ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ የልጆችን ጨዋታ በዕድሜ ከፋፍሎ አስገዳጅ አድርጎታል። ከ8 ዓመት በታች 4 ለ4 ያለ በረኛ፣ ከ10 በታች 7 ለ7፣ ከ12 በታች 9 ለ9። 11 ለ11 የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሜዳው ያንሳል፤ ጎሉ ያንሳል፤ የልጆችህ ኳስም 4 ቁጥር ናት። ሰው ሲያንስ እያንዳንዱ ልጅ ኳስ ደጋግሞ ያገኛል፤ መደበቂያም ያጣል።

አሁን ቅዳሜ ዕለት ከመስመሩ ዳር የሚሰማውን አስታውስ። «ቴስታ! በቴስታ!» ይባላል። ፌዴሬሽኑ እ.ኤ.አ. በ2015 መጨረሻ፣ በጭንቅላት ጉዳት ምክንያት፣ 10 ዓመትና ከዚያ በታች ላሉ ልጆች ቴስታን ከልክሏል። ልጁ አባቱን ሰምቶ ሆን ብሎ በጭንቅላቱ ቢመታ ዳኛዋ ቀጥታ ያልሆነ ቅጣት ምት ለተጋጣሚ ትሰጣለች። ከዚያ አባትየው «ምን አጠፋ?» ብለው ዳኛዋ ላይ ይነሳሉ። ያጠፋው እኮ እሳቸው ያሉትን ነው።

በረኛው ኳስ ይይዛል። «ልጋው!» የሚል ድምፅ ይመጣል። 7 ለ7 ላይ በረኛ ኳሷን ከእጁ ለቅቆ መለጋት አይችልም። በእጁ ይወረውራል፣ ያንከባልላል፣ ወይ መሬት አስቀምጦ ያቀብላል። ከለጋት ይህም ቅጣት ምት ነው።

የተጋጣሚ በረኛ ኳስ ሲይዝ ደግሞ «ተጫነው! አትራቀው!» ይባላል። ሜዳው ላይ ከፍጹም ቅጣት ምት ክልሉና ከመሃል መስመሩ እኩል የሚርቅ አንድ ትርፍ መስመር አይተህ ይሆናል። በረኛው ኳስ ሲይዝ ወይም የጎል ምት ሲሆን ልጆችህ ከዚያ መስመር ኋላ መመለስ አለባቸው። ሕጉ ይህን ያደረገው ትንንሾቹ ከኋላ ተረጋግተው ማቀበል እንዲማሩ ነው። ልጁ ሕጉን አክብሮ ወደ ኋላ ሲሮጥ አባትየው «ሰነፍ! ወዴት ትሸሻለህ?» ይሉታል። ኦፍሳይድም እንዲሁ ነው። በመሃል መስመሩና በዚያ ትርፍ መስመር መካከል ኦፍሳይድ አይነፋም። ጋሼ ግን እጃቸውን ሰማይ አድርሰው «ኦፍሳይድ!» ይላሉ። የሊጋችሁን ደንብ አንተም ደግመህ አንብበው፤ ከሊግ ሊግ ትንሽ ትንሽ ይለያያል።

በዚህ ላይ የቋንቋውን ጣጣ ጨምርበት። አንድ ጊዜ አንድ አባት ተከላካይ ልጃቸውን «ያዘው! ያዘው እንጂ!» ይሉታል። በእኛ የኳስ ቋንቋ «ተከተለው፣ አትልቀቀው» ማለታቸው ነው። ልጁ ግን እዚህ ተወልዶ ያደገ ነው። አማርኛ የሚያውቀው ከወጥ ቤት ነው። የተጋጣሚውን ማልያ በሁለት እጁ ጭምድድ አድርጎ ያዘው። ዳኛው ነፋ። ልጁ ወደ አባቱ ዞሮ «ያዝኩት!» አለ፣ ኩራት በኩራት ሆኖ። የዚያን ቀን ያልሳቀ ወላጅ አልነበረም። እኔ ግን ማታ ሳስበው ሳቁ ቀረና ልጁ ምን ያህል እየታዘዘ እንደሚጫወት ታየኝ።

አሁን የራሴን ጥፋት ልንገርህ። ኅዳር ነው፣ ብርድ ነው። አንዲት የዘጠኝ ዓመት ልጅ፣ ቀይ የሱፍ ጓንት ያደረገች፣ በግራ ተከላካይ መስመር ላይ ኳስ ደረሳት። በጥሩ ሁኔታ አቆመቻት። ቀና አለች። ልምምድ ላይ ሁልጊዜ «ቀና በሉ» የምለው ይህን ነበር። አባቷ ከወላጆች በኩል «ወደ ፊት!» አሉ። እኔ ከሌላው ጥግ «ወደ ቀኝ!» አልኩ። ልጅቷ እግሯን ኳሷ ላይ እንዳደረገች ቆመች። መጀመሪያ እሳቸውን አየች። ቀጥላ እኔን አየች። የተጋጣሚው ልጅ መጣና ኳሷን ከእግሯ ሥር፣ ከጠረጴዛ ላይ ዕቃ እንደሚያነሳ፣ ወስዶ አገባ። አላለቀሰችም። ጓንቷን አውልቃ መልሳ አደረገች።

የዚያን ሳምንት አንዱን ጨዋታ ረዳቴ በስልክ እንዲቀርጽልኝ አደረግኩ። ቤት ገብቼ ሥዕሉን ትቼ ድምፁን ብቻ ሰማሁ። በሪሞት እንደሚነዳ መጫወቻ መኪና ልጆቹን ስነዳ ነው የተሰማኝ። «ሂድ፣ ተመለስ፣ አቀብል፣ አይ እሱን አይደለም!» ወላጆችን ዝም በሉ ለማለት ምን አፍ አለኝ? አሰልጣኙ የሚጮህበት ሜዳ ላይ ወላጅ ዝም አይልም፤ እንዲያውም መጮህ የሥልጠናው አካል ይመስለዋል።

ስለዚህ ከራስህ ጀምር። ቅዳሜ ተቀመጥ፤ ቆመህ አትንጎራደድ። ኳስ ለያዘ ልጅ ምንም አትበል። መናገር ካለብህ ኳስ ለሌለው፣ ጨዋታው ቆሞ ሳለ፣ አንድ ነገር ብቻ በለው። ተቀያሪ ወንበር ላይ ያለውን ልጅ አጠገብህ አስቀምጥና «አሁን ማን ነጻ ነው? አየኸው?» ብለህ አነጋግረው። ሌላውን ማስታወሻ ደብተር ላይ ጻፈው፤ ለማክሰኞ ልምምድ ይሆንሃል። ሁለት ጨዋታ እንዲህ ካሳለፍክ በኋላ ነው ወላጆችን ለማናገር የሚያበቃህ።

ወላጆችን በአንድ ላይ ስታናግር ስብሰባ አትጥራ። በሐበሻ ቀጠሮ ግማሹ አይመጣም፤ የቀረው ሲያልቅ ይደርሳል። ልጅ ሊወስዱ ሲመጡ፣ ልምምድ ሊያልቅ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ያዛቸው። ልጆቹ እንዲሰሙ አድርግ። እኔ እንዲህ ነው የምለው፦ «ሕጉ ከእኛ ጊዜ ተለውጧል። ቴስታ የለም፣ በረኛ አይለጋም፣ እዚህች መስመር ድረስ እንመለሳለን። ሜዳ ውስጥ ምን እንደሚያደርጉ ልጆቹ ራሳቸው ይወስናሉ፤ ይሳሳታሉ፤ ማክሰኞ እናርማለን። ከእናንተ የምፈልገው ጭብጨባ፣ ጎበዝ፣ በርቱ፣ ሲወድቁ አይዟችሁ። ስለ ማሰለፍ ቅር ያላችሁ ጨዋታው ካለቀ ከ24 ሰዓት በኋላ ደውሉልኝ፤ አነሳለሁ።» በቃ። ያቺ 24 ሰዓት ብዙ ክለቦች እዚህ የሚጠቀሙባት ናት። ቅዳሜ የተቆጣ ሰው እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ነገሩን ትቶት ታገኘዋለህ። እነሱ 24 ሰዓት ሲጠብቁ አንተ ደግሞ ስልኩን ማንሳት አለብህ። እያንዳንዱ ልጅ ቢያንስ ግማሹን ጨዋታ መጫወቱንም እርግጠኛ ሁን። ግማሹ ጩኸት የሚመጣው ልጁ ወንበር ላይ ከደረቀበት ወላጅ ነው።

አንዳንድ ሊጎች አንድ ቀን መርጠው ተመልካች ምንም እንዳይናገር ያደርጋሉ፤ ለወላጅ ባለ እንጨት ከረሜላ ሁሉ ያድላሉ፣ አፍ እንዲይዝ። እንግሊዞች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2008 በጀመሩት የመከባበር ዘመቻ ተመልካች የማያልፈው መስመር ሜዳ ዳር ያሰምራሉ። መስመሩን ወድጄዋለሁ። ከረሜላው ግን ለአንድ ቀን ነው፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ ያው ነው።

ጋሼን ግን ለብቻ ነው። ሜዳ ላይ አትናገራቸው። በዋትሳፕ ግሩፕ ላይ «አንዳንድ ወላጆች» ብለህ በጎን አትወርውር፤ ማንን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፤ እሳቸውም ያውቃሉ፤ ከዚያ በኋላ ነገሩ የኳስ መሆኑ ቀርቶ የክብር ይሆናል። ልጃቸው ፊትም አይሆንም። ሳምንቱ መካከል ላይ ደውልና «ጋሼ፣ ቡና ልጋብዝዎት፤ ስለ ልጆቹ ምክር ፈልጌ ነበር» በል። ምክር መፈለግህ ውሸት አይደለም። ኳስ ያውቃሉ።

ቁጭ ስትሉ አንድ ጥያቄ ጠይቃቸው። «ጋሼ፣ እርስዎ ልጅ ሆነው ሲጫወቱ ከዳር ሆኖ የሚነግርዎት ማን ነበር?»

ዝም ብለህ ጠብቅ። አትቸኩል። እኔ ይህን ጥያቄ ለብዙ አባቶች አቅርቤዋለሁ። መልሱ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፦ ማንም። ካልሲ ውስጥ ጨርቅ ጠቅጥቀው የሠሩት ኳስ፣ በድንጋይ የተሠራ ጎል፣ ከትምህርት ቤት መልስ እስኪጨልም። ቡድን የሚመርጡት ራሳቸው ናቸው። ዳኛው ራሳቸው ናቸው፤ «ገብቷል አልገባም» ብለው የሚጨቃጨቁትም ራሳቸው። አብዶ፣ ተጋጣሚን አታልሎ ማለፍን፣ የተማሩት በዚያ ነው። መቶ ጊዜ ሞክረው መቶ ጊዜ ኳስ ተነጥቀዋል፤ «ለምን አላቀበልክም» ብሎ የጮኸባቸው ትልቅ ሰው አልነበረም። ይህን ሲያወሩ ፊታቸው ሲበራ ታያለህ። ጃን ሜዳ ላይ ማን ማንን እንዳለፈ ይነግሩሃል። አዳምጣቸው። አንድ ሰዓት ቢፈጅም አዳምጣቸው።

ከዚያ እንዲህ በላቸው። «እነዚህ ልጆች ያ ሰፈር የላቸውም። ከትምህርት ቤት በአውቶቡስ ይመጣሉ፤ ቤት ይገባሉ፤ በር ይዘጋል። በሳምንት ሁለት ልምምድና አንድ ጨዋታ ነው ያላቸው። ጨዋታው 50 ደቂቃ ነው። እርስዎ በቀን ሦስት አራት ሰዓት ያለ አለቃ ተጫውተው ያገኙትን እነሱ በዚያች 50 ደቂቃ ነው የሚያገኙት። ያቺን እንተውላቸው ብዬ ነው።»

ይህን አባባል ያገኘሁት ከአንድ አባት ነው፤ የራሴ አይደለም። ጥያቄውን ከጠየቅኩት በኋላ ራሱ ነው ቆጥሮ «50 ደቂቃ ብቻ?» ያለኝ። አስተናጋጇ ሂሳብ እስክታመጣ ድረስ ሌላ አልተናገረም።

እምቢ ካሉስ? አንዳንዱ እምቢ ይላል። «ትናንት የተወለደ ልጅ ሊያስተምረኝ ነው» የሚል አለ። ያኔ አትሟገት። እኩያ ፈልግላቸው። እ.ኤ.አ. በ1984 የተጀመረውንና በየዓመቱ በሐምሌ አካባቢ የሚደረገውን በሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን ውድድር የሚከታተል የድሮ ተጫዋች በአካባቢህ አይጠፋም። ምናልባት አብሯቸው የተጫወተ ሊኖር ይችላል። እሱ በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚጨርሰውን አንተ በአንድ ወቅት አትጨርሰውም። ይሉኝታ እዚህ ላይ ይጠቅምሃል፤ ተጠቀምበት።

የዳኛዋ ጉዳይ ግን ይለያል። እዚህ ላይ ቡናም ሽማግሌም አትጠብቅ፤ እዚያው ቅዳሜውኑ ነው የሚቆመው። እ.ኤ.አ. ከ2019 ወዲህ ዳኛ ለአሰልጣኝ ቢጫና ቀይ ካርድ ማሳየት ትችላለች። ለተመልካች ግን ካርድ የለም። ስለዚህ ጋሼ ሲጮኹ የምትመጣው ወደ አንተ ነው። «ወላጅህን አስተካክል» ትልሃለች። ካልተስተካከለ ጨዋታውን ማቆም፣ ማቋረጥም መብቷ ነው። የአሜሪካ ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 2025 ጀምሮ በዳኞች ላይ ለሚደርስ ስድብና ጥቃት አዲስ የቅጣት ደንብ ሥራ ላይ አውሏል፤ ተመልካችም ይመለከተዋል። እሷ እስክትመጣ አትጠብቅ። ጨዋታ ሲቆም ቀስ ብለህ ሂድና ጠጋ ብለህ፣ በዝቅተኛ ድምፅ፣ «ጋሼ፣ ዳኛዋ 14 ዓመቷ ነው፤ እኔን ነው የሚቀጡት» በላቸው። ቁጣ አያስፈልገውም። በአማርኛ ስለሆነ አይገባትም የሚሉ አሉ። ቃሉ ላይገባት ይችላል። ድምፁ ግን ይገባታል፤ እጅ ሲወራጭም ታያለች። እ.ኤ.አ. ከ2018 እስከ 2021 ባሉት ዓመታት አሜሪካ ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስፖርት በጠቅላላው 50,000 ያህል ዳኞች አጥቷል። ይህች ልጅ በሚቀጥለው ወር ፊሽካዋን ብትጥል የአንተ ልጆች የሚጫወቱት ጨዋታ የለም።

መኪናውንም አትርሳ፤ ይህን ለሁሉም ወላጅ ንገር። አንድ ልጅ ከጨዋታ በኋላ ሁልጊዜ ታኬታውን ለመፍታት ሩብ ሰዓት ይፈጅበት ነበር። ክሩን ይፈታል፣ ይቋጥራል፣ እንደገና ይፈታል። አንድ ቀን አጠገቡ ተቀምጬ «ምን ሆነሃል?» አልኩት። «አባዬ መኪና ውስጥ ጨዋታውን ከመጀመሪያው ይጀምራል» አለኝ። አባትየው ጥሩ ሰው ናቸው። እያስተማሩት መስሏቸው ነው። ቤታቸው እስኪደርሱ 20 ደቂቃ ነው፤ የልጁ መቀመጫ ደግሞ ኋላ ነው፤ መስታወት ውስጥ ዓይናቸውን እያየ። ነገርኳቸው። ከዚያ በኋላ መኪና ሲገቡ «ራበህ?» ብቻ ይሉት ጀመር። ልጁ መብላት ከጀመረ በኋላ ጨዋታውን ራሱ እንደሚያነሳው ነገሩኝ። ታኬታውንም አሁን በደቂቃ ይፈታል።

ወደ ጋሼ ልመለስና ሥራቸውን ልንገርህ። በዚህ ዕድሜ ብዙ ጊዜ የሚመደበው አንድ ዳኛ ብቻ ነው። ስለዚህ ሜዳ ዳር ባንዲራ የሚይዝ ሰው ከወላጆች መካከል ይፈለጋል። ሥራው ኳሷ ሙሉ በሙሉ መስመሩን ስታልፍ ባንዲራ ማንሳት ነው። ኦፍሳይድ አይልም፤ ጥፋት አይጠቁምም፤ ማሰልጠንም አይችልም። ባንዲራ የያዘ ሰው ለዳኛዋ ረዳቷ ነው። ሲሮጥ ትንፋሹ ያጥረዋል፤ ኳሷን ሲከተል ለመጮህ ጊዜ አያገኝም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ያቺ ልጅ የምታየውን እሱም ከቅርብ ያየዋል። እኔ ዘንድ ከሚጮሁት አባቶች አንዱ የመጀመሪያውን አጋማሽ ባንዲራ ይዘው ሲመለሱ «ይሄ ሥራ እንዲህ ከባድ ነው እንዴ?» ነው ያሉኝ።

ማክሰኞ ልምምድ ላይ ደግሞ አሥር ደቂቃ ስጣቸው። አብዶ ያስተምሩ። መጀመሪያ ክለቡ የሚጠይቀውን የጀርባ ማጣሪያና የልጆች ደኅንነት ሥልጠና ይጨርሱ፤ ይህን ሳታሟላ ማንንም ሜዳ አታስገባ፣ የቱንም ያህል ብታውቃቸው። ከዚያ ልጆቹ በክብ ይቆሙና ጋሼ መሃል ገብተው ያሳዩዋቸው። ልጃቸው ያን ቀን አባቱን እንዴት እንደሚያይ አንተም ታየዋለህ።

ለዚህ ቅዳሜ ግን ባንዲራው ይበቃል። ቀደም ብለህ ዳኛዋን አስተዋውቃቸው፤ ስሟን ይወቁ፣ እጅ ለእጅ ይጨባበጡ። እንደ ነገርከኝ ከሆነ ዕድሜያቸው ገፋ ብሏል፤ መነጽራቸውን ይዘው እንዲመጡ ዓርብ ማታ ደውለህ አስታውሳቸው።